ከአያት ሳጥን ለወጣ ጠገራ ብር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጎንደር አራዳ ያለውን የአያትሽን ቤት ስታጸዱ ከሳጥን ውስጥ ጠገራ ብሮች፣ አንበሳ ያለባቸው ጥቂት ሳንቲሞችና አንድ የብራና መጽሐፍ አገኛችሁ። ጠገራው ላይ 1780 የሚል ስላለ አንድ ደላላ «ቤት ያሠራችኋል» ብሏችኋል።

በጠገራው እንኳ ቤት አይሠራም። አባቴ ፒያሳ ላይ ለቱሪስት ቅርሳ ቅርስ ይሸጥ ስለነበር ይህን ጥያቄ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። 1780 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ገበያተኛው የለመደው መልክ ካልሆነ አልቀበልም ይል ነበራ! የሴትዮዋን ጌጥ ፈርጥ ቆጥሮ፣ የደበዘዘውን ይመልሳል። ቪየና ብቻ ሳይሆን ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይም ታትሟል። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያትመው ጀመር። ስለዚህ ያንቺው የቴዎድሮስ ዘመን ሊሆን ይችላል፣ የጣሊያን ዘመንም ሊሆን ይችላል። እሱን የሚለየው ባለሙያ ነው። አብዛኛው ግን የሚሸጠው በማዕድኑ ዋጋ ነው። ወርቅ ቤት አስመዝኚው፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 23 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙን ዞር አድርገሽ እዪ። የላቲን ጽሑፍ ከሌለበት ቀልጦ የተቀዳ ሐሰተኛ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

አንበሶቹ ጋ ግን ቀስ በዪ። እነሱ ፓሪስ የታተሙ የአፄ ምኒልክ ገንዘቦች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሙሉው ብር አለ፣ አላድ (ግማሹ) አለ፣ ሩብ አለ፣ ተሙን (ስምንተኛው) አለ። ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥርና በእኛ አቆጣጠር ነው። ሙሉው ብር ላይ ፲፰፻፹፱ ካለ 1889 ነው፤ እሱ በብዛት የታተመ ነው። ፲፰፻፹፯ ካለ ግን ደላላውን አሰናብችው። የ1887ቱ የመጀመሪያው ነው፣ የታተመውም በጣም ጥቂት ነው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እሱን ነው፣ በተለይ የአንበሳው ጸጉርና የንጉሡ ዘውድ ሳይፋቅ ከቆየ። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳው ዋጋው ይወርዳል። ያሳዝናል፣ የጎንደር እናቶች ደግሞ የማይበሱት ሳንቲም አልነበረም።

በናትሽ ግን አትጠቢው! በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በምንም። ሰው አብለጭልጮ ይዞ ሲመጣ አባቴ እጁን ያጨበጭብ ነበር፤ የደንበኛው ግማሽ ገንዘብ ከእጣቢው ጋር ፈሷላ። ሰብሳቢ የሚወደው ያንን ጥቁረቱን ነው። በወረቀት ለየብቻ ጠቅልለሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ።

ብራናው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለደላላ አታሳዪ። ፎቶውንም እዚህ አትለጥፊ። ገጾቹ ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ወይም «ዝ መጽሐፍ ዘ...» (ይህ መጽሐፍ የእገሌ ነው) የሚል ካለ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ በአደራ ወይም በስርቆት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ጎንደር በዚህ ነገር ተነክታለች። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ነቅለው፣ በምትኩ አዲስ ሥለው ሄዱ። ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

ሳንቲሞቹንም ቢሆን ውጭ አገር ላለ ገዢ በፖስታ ለመላክ አታስቢ፤ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቂ። እዚሁ ስትሸጪ ደግሞ «አሁኑኑ ካልሆነ» ከሚል ሰው ራቂ። ቢያንስ ሌላ ሰውም አይቶ ዋጋ ይንገርሽ።

አሁን የአንበሶቹን ሁለቱንም ፊት፣ የጠገራውን ደግሞ ጠርዙን ጨምረሽ በቀን ብርሃን አንሺና ላኪልኝ። ፍላሽ አታብሪ፣ ቁጥሩን ያጠፋዋል።