መንታውን በነጠላው ሚዛን አትመዝኝው

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የእናት በግ ዕድሜና መንታ መወለድ በግልገል ዕድገትና በሱፍ ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ነበር። መንዝ ላይ ለሚሠራ የበግ ዝርያ ማሻሻያ በጀማሪ ተመራማሪነት ለተግባር ፈተና ተጠርቻለሁ። ምን ላይ ላተኩር?

መልስ፦ እህታችን፣ መንታ ቀሎ እንደሚወለድ አብረውሽ የሚፈተኑት ሁሉ ያውቃሉ። መዝገብ ሰጥተው «ከእነዚህ ጠቦቶች የትኛውን ለአውራነት ታስቀሪያለሽ?» ሲሉ ነው ብዙው የሚሰናከለው።

ሁለት ጠቦት እንውሰድ። አንዱ ነጠላ ነው፤ እናቱ ስትወልደው አራተኛዋ ነው፤ ሲወለድ 2.6 ኪሎ፣ በ100ኛ ቀኑ 10.6 ኪሎ መዘነ። ሌላው መንታ ነው፤ እናቱ የበኩር ወላጅ ናት፤ ሲወለድ 2.0፣ በ84ኛ ቀኑ 8.3 ኪሎ። ከመጨረሻው ክብደት የልደቱን ቀንሺ፣ በቀኑ ብዛት አካፍዪ፣ በ90 አባዢና የልደቱን መልሰሽ ደምሪ። የሁለቱ የ90 ቀን ክብደት 9.8 እና 8.75 ኪሎ ሆኖ ይመጣል። እዚህ ቆመሽ ነጠላውን ከመረጥሽ የመረጥሽው ጡት ብቻውን የጠባውን ነው። የጎልማሳ እናቶች ነጠላዎች አማካይ 9.9፣ የበኩር ወላጆች መንታዎች ደግሞ 7.9 ነው እንበል፤ ነጠላው ከእኩዮቹ በ0.1 ኪሎ ያንሳል፣ መንታው በ0.85 ይበልጣል። ይህን ማስተካከያ መዝለል መንታ የመውለድን ዘር ከመንጋው ቀስ በቀስ ያወጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። የመንዝ በግ መንታ የሚወልደው አልፎ አልፎ ስለሆነ «የበኩር ወላጅ መንታ» የሚለው ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ግልገል ብቻ ልታገኚ ትችያለሽ። የእንዲህ ዓይነት ክፍል አማካይ አይታመንም። ያኔ የእናት ወሊድ ዙርንና የልደት ዓይነትን (ነጠላ ወይስ መንታ) ለየብቻ የስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ አስገቢ፣ ጾታንና የልደት ወቅትን ጨምሪ፤ በየክፍሉ ስንት ግልገል እንዳለም ጻፊ። የእናት ዕድሜን እንደ ቀጥታ መስመር አትውሰጂው። የበኩር ወላጇ ራሷ ገና እያደገች ስለሆነ መኖውን ከጽንሱ ጋር ትሻማለች፤ ጎልማሳዋ በወተት ትበልጣለች፤ ጥርሷ ያለቀው አሮጊት ደግሞ መልሳ ትወርዳለች። ገበሬ ቤት የልደት ቀን ስለማይገኝ በጥርስ ትገምቻለሽ፤ አራቱም ጥንድ ቋሚ ጥርስ ከወጣ በኋላ ግን ጥርስ ብዙ አይናገርም፣ የወሊድ ዙር ይሻላል።

«መንታ ተወለደ» እና «መንታ ሆኖ አደገ» ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ። መንታው የሞተበት ግልገል ወተቱን ብቻውን ስለሚያገኝ ከነጠላ ይቀርባል። የሞተውንም ከመዝገብ አትሰርዢው፤ በሕይወት የቀሩትን ብቻ መቁጠር መንታ የወለደችን እናት ከእውነቱ በላይ ያሳምራል።

ሱፉን በተመለከተ ብዙ ተመራቂ የሚስተው ነገር አለ፤ ጠያቂዎቹ ይወዱታል። መንታ በክብደት የጎደለውን በጥሩ መኖ በአብዛኛው ያካክሳል፣ በሱፍ ግን ሙሉ በሙሉ አያካክስም። አብዛኛው የሱፍ ሥር የሚፈጠረው ማህፀን ውስጥ፣ በተለይ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የሱፍ ሥሩ ቁጥር ከነጠላ ያነሰ ሆኖ የተወለደ በግ ዕድሜውን ሁሉ ጥቂት ያነሰና በመጠኑ ወፈር ያለ ሱፍ ይሰጣል። ይህ በደንብ የተጠናው በአውስትራሊያ ሜሪኖ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለመንዝ በግ አታውጪው፤ የመንዙ ሱፍ ሻካራ፣ ለባናና ለዝተት የሚሆን ነው። ሱፍ ስትመዝኚ ካለፈው ሽልታ ወዲህ ያለፈውን ቀን መዝግቢ፤ ያለዚያ የስድስት ወሩን ከዓመቱ ጋር ታወዳድሪያለሽ።

ወደ ፈተናው የጽሑፍሽን ጥሬ መረጃ በኤክሴል፣ ከላይ ያለውን ስሌት በእጅ የሠራሽበትን አንድ ገጽና ሒሳብ ማሽን ይዘሽ ሂጂ። ደብረ ብርሃንና አመድ ጉያ ስለተሠራው የአዋሲ (ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ የበግ ዝርያ) እና የመንዝ ድቀላም አንብበሽ ግቢ፤ በድቅል መንጋ ላይ የአዋሲ ደም ድርሻ ሌላ ራሱን የቻለ ዓምድ ይፈልጋል።