ባንክ ልግባ ወይስ ጉማራ ልቅር?

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ቢሮ፣ አንዴ ማታ ሐይቁ ዳር ቡና ይዤ። ስምሽን አላወጣም። ሌሎችም እንዲገባቸው ግን ነገሩን ባጭሩ ልድገመው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብት ተመርቀሽ ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልጊ ቆይተሽ አሁን አዲስ አበባ አንድ ባንክ ጠርቶሻል። እስከ ሰኞ መልስ ስጪን ብለውሻል። ባደግሽበት ቀበሌ ደግሞ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና ሐይቅ ከሚገባበት አጠገብ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ማኅበር አቋቁመሻል። በክረምት ዕንቁላል ይዞ ወደ ወንዝ የሚወጣውን ዓሣ ከመረብ ለማስጣል ነው። ደሞዝ የለውም። እናትሽ ብቻቸውን ናቸው፤ ወንድምሽ 11ኛ ክፍል ነው፤ አጎትሽ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከሚጥሉት አንዱ ናቸው። ጥያቄሽ እንዲህ ይላል፦ "ከድቼ ልሂድ ወይስ ከስሬ ልቅር?"

መጀመሪያ "ከድቼ" የምትለዋን ቃል እናውጣት። ሥራ መግባት ክህደት አይደለም። ጓደኞችሽ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያሉ ይይዙኛል ብለሻል። ደስ ይላል፣ ግን ድሩ የቤት ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ደግሞ አውቃለሁ። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የጣና ነጭ ዓሣ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ውጭ የትም አይገኙም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በርከት ያሉት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ እየወጡ ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ታዲያ መንጋው ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ የጣለ ሰው ሌላ ጊዜ ለፍቶ የማያገኘውን ያፍሳል። ድሮ በደንገል ታንኳ የሚወጣው ጥቂት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይለን መረብና ሞተር ጀልባ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ፣ ከዚያ በኋላ ነጭ ዓሣው ክፉኛ ቀነሰ። የዓሣ ሀብት አዋጅማ አለ፣ ቁጥር 315፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣ። አዋጁ ግን ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ አያድርም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ ማኅበር ጋር ሐይቁ ዳር ችግኝ እተክል ነበር። አበል ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። ቤት የምልካት ትንሽ ብር ቆመች። እኔ ግን ለአገር እየደከምኩ ነው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ከወራት በኋላ ቤት ስመለስ ታናሽ እህቴን መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ስትሸጥ አገኘኋት። እየሳቀች አንድ ጥቅል ሰጠችኝ። ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ ደብተር፣ የልብ ሥዕል፣ ክፍሎቹ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጥጉ ላይ መምህሩ "ጎበዝ" ብሎ የፈረመበት። ኋላ ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ሁለት ዓመት ግን ቀርቶባታል። እኔ ከፈልኩት ያልኩትን የከፈለችው እሷ ናት።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ አንቺ ምን ያህል መቻል እንደምትችዪ አይደለም። ትችያለሽ፣ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ያለ አንቺ ደሞዝ ያ ቤት ስንት ወር ይቆማል? ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥተነዋል ብለሻል። ሩዙ የሚገባው ኅዳር ነው። እስከዚያ ያለው እህል ያደርሳል? የወንድምሽስ ደብተርና ዩኒፎርም? ከራስሽ ላይ ቀንሰሽ ብትሰጪ መብትሽ ነው፤ ከሱ ላይ ለመቀነስ ግን ልጁን መጠየቅ ይኖርብሻል።

ሌላው ያስፈራኝ የሌሊቱ ሥራ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሁለት መረብ ቆረጥን ብለሽ በኩራት ጽፈሻል። አቁሚ። መረብ ገንዘብ ነው፣ ብዙ ጊዜ በብድር የተገዛ ነው፤ የተቆረጠበት ሰው ደግሞ በባዶ እጁ አይመጣም። ጨለማ ነው፣ ውኃው ሙሉ ነው፣ ጉማሬም አለ። ሕግ ማስከበር የወረዳው ሥራ ነው፣ ባይሠራው እንኳ ዱላውን አንቺ አትቀበይለትም።

አንቺ የያዝሽው ሌላው የሌለው ነገር ትምህርትሽ ነው። መረብ የሚቆርጥ ጎረምሳ ሞልቷል፣ ዝርያ ለይቶ የሚመዘግብ ግን በቀበሌው ካንቺ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሚዛን፣ ሜትር፣ ደብተር ያዢ። ጠዋት ጠዋት ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ እዚያው ቁሚና ጻፊ፦ የትኛው ዝርያ፣ ርዝመቱ ስንት፣ ዕንቁላል ይዟል አልያዘም፣ የመረቡ ቀዳዳ ምን ያህል ነው፣ ከየት ተያዘ። የአንድ ክረምት መዝገብ ይዘሽ የባሕር ዳሩ ዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ የድሮ መምህሮችሽ ጋ ብትገቢ ወሬሽ ሌላ ነው። ለኮንትራት ሥራም፣ ለማስተርስም የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል። ይቀጥሩሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ በባዶ ሲቪ ከመግባት ግን ይሻላል።

አጎትሽን ደግሞ ከማንም በፊት ቤታቸው ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ብቻሽን አይደለም፣ እሳቸው የሚያከብሩት ሽማግሌ ይዘሽ። እሳቸው ሌባ አይደሉም፣ በክረምት እጅ ላይ ብር የሚያመጣላቸው መረቡ ብቻ ነው። "ተው" ከማለትሽ በፊት "በነዚህ ወራት ምን ይዤ ልደር?" ቢሉሽ የምትመልሺው ይኑርሽ። እሱን ከማኅበርሽ ጋር ሳትጨርሺ ወደዚያ ቤት ባትሄጂ ይሻላል።

ሐሳብህን ንገረኝ ካልሽ፦ እህሉ እስከ ኅዳር የሚያደርስ ከሆነ ይህን አንድ ክረምት ቅሪ። ዕድሜ ልክ አላልኩም፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ፣ ቀኑንም ለጓደኞችሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ባንኩን ደውለሽ "ኅዳር ልጀምር?" ብለሽ ጠይቂ፤ እሺ አይሉም፣ መጠየቅ ግን በነፃ ነው። እህሉ የማያደርስ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ፈርሚና ሂጂ። ከመጀመሪያ ደሞዝሽ ለማኅበሩ የሚዛን መግዣ ላኪ፣ አመዘጋገቡን ከመሄድሽ በፊት ለአንዷ አሳይተሽ ተለያዪ። ማንም ቢያማሽ በኔ ይሁን።

ዛሬ ማታ ግን እናትሽን እንዳትጠይቂያቸው። "ይበቃናል ልጄ፣ ለኛ አታስቢ" ነው የሚሉሽ፣ የኔም እናት እንደዚያው ነበር ያለችኝ። ጓዳ ገብተሽ ጆንያውን ራስሽ ቁጠሪ። ስንት እንደቀረ ጻፊልኝ።