ኮምፒውተሩ በራሱ መግባት ሲያቆም፦ መጀመሪያ ፒኑንና ፓስወርዱን እንለይ

ወንድም፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። የቤትህ ኮምፒውተር ሲከፈት ፓስወርድ ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር። አፕዴት ካደረገ ወዲህ እንደገና መጠየቅ ጀመረ፣ ልታስተካክል ስትገባ ደግሞ ድሮ ምልክቱን የምታነሳበት፣ ተጠቃሚው ስምና ፓስወርድ ማስገባት አለበት የሚለው ሳጥን ጭራሽ የለም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጫን ወይ ብለሃል። ተው፣ አትጫን። ይሄ ነገር ብዙ ዘመድ ወዳጅ ቤት ገጥሞኛል፣ አንድም ጊዜ እዚያ ድረስ አላደረሰኝም።

ሳጥኑ ተበላሽቶ ሳይሆን ተደብቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት ጀምሮ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገባ ሰው በፒን፣ በአሻራ ወይም በፊት ብቻ እንዲገባ የሚያስገድድ ማብሪያ አለ። እሱ ከበራ ሳጥኑ አይታይም። ዊንዶውስ 11 ላይ ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚገኘው።

እንግዲህ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንትስ፣ ከዚያ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ግባ። ወደ ታች ስትወርድ ለደህንነት ሲባል የማይክሮሶፍት አካውንቶች በዊንዶውስ ሄሎ (በፒን፣ በአሻራ ወይም በፊት መግባት ማለት ነው) ብቻ እንዲገቡ የሚል ታገኛለህ። አጥፋውና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርግ። ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫን፣ በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ፒ፣ ኤል፣ ደብሊው፣ አይ፣ ዜድ ብለህ አያይዘህ ጻፍና ኢንተር በለው። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይመጣል። የራስህን ስም ምረጥ፣ ከላይ ያለውን የሳጥኑን ምልክት አንሳ፣ አፕላይ በል። ፓስወርድ ሁለት ጊዜ እንድትጽፍ ይጠይቅሃል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በየቀኑ የሚጽፈው ፒኑን ስለሆነ እዚህም ፒኑን ያስገባል። መስኮቱ የጻፍከው ልክ መሆኑን ሳያጣራ ዝም ብሎ ይቀበልሃል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ በቃው። ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲነሳ ግን ስሙ ወይም ፓስወርዱ ትክክል አይደለም ይላል። ፒን የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ ከመሣሪያው አይወጣም። የሚፈለገው የማይክሮሶፍት አካውንትህ ፓስወርድ ነው፣ ኢሜይልህን ከሌላ መሣሪያ ስትከፍት የምትጽፈው ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ስልክህ ላይ ብሮውዘር ከፍተህ በዚያ ፓስወርድ አካውንትህ ውስጥ መግባት መቻልህን አረጋግጥ። ረስተኸው ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክል፣ ፒኑን አጥፍተህ ፓስወርዱንም ካላወቅኸው ከገዛ ኮምፒውተርህ ውጭ ትቀራለህ።

ሌላው ፓስወርድ መቀየር ነው። አባቴ ማታ በስልኩ የአካውንቱን ፓስወርድ ቀየረ። በነጋታው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ያው መልእክት መጣ፤ ኦኬ ሲለው ስሙና ባዶ የፓስወርድ ቦታ ብቻ ቀሩ። እሱ ቫይረስ መስሎት ደነገጠ። ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ ዊንዶውስ ያስቀመጠው የድሮውን ነው፣ አዲሱን ማንም አልነገረውም። በአዲሱ ፓስወርድ ገብተህ ያንኑ ምልክት መልሰህ አድርግ፣ እንደገና አንሳ፣ አዲሱን ጻፍ። አለቀ።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ሳጥኑ አሁንም ካልመጣ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ገብተህ ፓስወርድህን በእጅህ ጻፍ የሚሉህን አትስማ። ይሠራል፣ ግን ፓስወርድህ እዚያ በግልጽ ፊደል ይቀመጣል፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። በሱ ፋንታ ከማይክሮሶፍት የራሱ ገጽ ላይ አውቶሎጎን የምትባለውን፣ ሲስኢንተርናልስ ከሚባሉት የማይክሮሶፍት መሣሪያዎች አንዷን ፕሮግራም አውርድ። ነጻ ናት፣ ትንሽ ናት። ስምና ፓስወርድ አስገብተህ ኢኔብል ትላለህ፣ ፓስወርዱን ኢንክሪፕት አድርጋ፣ ማለትም እንዳይነበብ በሚስጥር ቀይራ ታስቀምጠዋለች። እሷም ብትሆን ፓስወርዱ ልክ መሆኑን አታጣራም፣ ስለዚህ ተጠንቅቀህ ጻፍ።

ሲነሳ በራሱ እየገባ ከእንቅልፍ ሲመለስ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ውስጥ ኮምፒውተሩን ትተህ ስትመለስ መቼ ይጠይቅህ የሚለውን ኔቨር አድርገው። ስክሪን ሴቨር ካለህ እዚያም ሲመለስ የመግቢያውን ገጽ ያሳይ የሚል ምልክት አለ፣ አንሳው። ይቺን ምልክት ብዙ ሰው ይረሳታል።

ሎካል አካውንት (ከማይክሮሶፍት ጋር ያልተያያዘ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ) ያላቸው ሰዎች ፓስወርዱን ጨርሰው ባዶ ያደርጉታል። አካውንቱ አንድ ብቻ ከሆነ በርግጥ ቀጥ ብሎ ይገባል። ግን ባዶ ፓስወርድ ያለው አካውንት በኔትወርክ በኩል ከሌላ ኮምፒውተር እንዲገባበት ዊንዶውስ አይፈቅድም። ፎልደር ሼር አድርገህ የምትጠቀም ከሆነ በማግስቱ ለምን አልከፈት አለኝ ብለህ ራስህን ታዞራለህ። ፓስወርዱ ይኑር፣ ኮምፒውተሩ ይጻፍልህ፣ እሱ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ሌላም የሚጠቀም ሰው ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሺፍትን ተጭኖ ከያዘ በራስ መግባቱ ይታለፍና የራሱን ስም መምረጥ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ እለምንሃለሁ። ይሄን ከቤት በማይወጣ ዴስክቶፕ ላይ አድርገው እንጂ ላፕቶፕ ላይ አታድርገው። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ነው ብለህ አትተማመን፤ በተለመደው አሠራር ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቁልፉ በራሱ ይከፈታል፣ ከዚያ ዊንዶውስ በራሱ ይገባል፣ የሰረቀህ ሰው አንድም ነገር ሳይጠየቅ ብሮውዘርህ ውስጥ ያስቀመጥካቸው ፓስወርዶች ጋ ይደርሳል። ለላፕቶፕ ፒን ወይም አሻራ ምን ያህል ጊዜ ይወስድብሃል?

ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ወይም የመሥሪያ ቤት አካውንት ከገባበት እዚያ ያለው መመሪያ ሊከለክልህ ስለሚችል አይቲዎቹን ጠይቅ። የቤት ከሆነና አሁንም እምቢ ካለህ፣ አካውንትህ ማይክሮሶፍት ይሁን ሎካል፣ እንዲሁም ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መልእክት ቃል በቃል ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።