ሲቢሲ የጉበት ቫይረስን ያሳያል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፤ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ። ጥርስ ለማስነቀል ሄጄ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ታዘዘልኝና ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሕዋስ፣ 104,000 ወጣ። ከዚያ የጉበት ምርመራዎቹ ኤኤስቲ 63፣ ኤኤልቲ 49 ሆኑ። «ጉበትዎን ይታዩ» ተባልኩ። ዓይኔ ቢጫ አልሆነም፤ የሚያመኝም ነገር የለም። ማሽኑ የወፍ በሽታ አይቶብኝ ይሆን? ታላቅ ወንድሜ ያረፈው ሆዱ አብጦ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሽኑ ቫይረስ አያይም፤ የሚቆጥረው ሕዋስ ነው። በባለሐምራዊ ክዳኑ ብልቃጥ የተቀዳው ደምዎ ተበርዞ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሕዋስ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ለቅጽበት ያውካል፤ ትልቁ ከትንሹ የሚለየው በዚያ ነው።

ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ለዓመታት ጉበትን ሲያቆስል ጠባሳ ይሠራል። ደም በጠባሳው ውስጥ እንደ ልብ ማለፍ ሲያቅተው ግፊቱ ወደ ጣፊያ ይዞራል፤ ጣፊያም አብጦ ፕላትሌቶችን ይዞ ያስቀራል። መቅኒ ፕላትሌት እንዲሠራ የሚያዘውን ሆርሞን በብዛት የሚያመርተውም ጉበት ነው። ስለዚህ ዓይን ቢጫ ሳይሆንም የፕላትሌት ቁጥር ሊወርድ ይችላል።

የእርስዎን ቁጥሮች በወረቀት ላይ አሰላኋቸው። ዕድሜዎ 52 በኤኤስቲው 63 ሲባዛ 3,276 ነው። የኤኤልቲው 49 ስኩዌር ሩት 7፣ እሱ በፕላትሌቱ 104 (በሺህ) ሲባዛ 728። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍለው 4.5 ይመጣል። ይህ ፊብ-ፎር የሚባለው ስሌት ነው፤ ከ3.25 ሲያልፍ የጠና ጠባሳ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ጠባሳውን ያመጣው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

አባቴ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲቢሲ አሠርተው ነበር፦ 140፣ 121፣ 96 ሺህ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን የዘረጋኋቸው ካረፉ በኋላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ የምውል ልጃቸው ሆኜ አልጠየቅኩም፤ ለዚህ ነው ለእርስዎ በዝርዝር የምጽፈው።

አስቀድሞ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑ ይጣራ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ፕላትሌቶችን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ማሽኑም ክምችቱን በትክክል አይቆጥረውም። ደሙ በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ተጣብቆ ከተገኘ በባለሰማያዊ ክዳን ብልቃጥ እንደገና ይቀዳል። ወባና አንዳንድ መድኃኒቶችም ፕላትሌት ያወርዳሉ፤ በቅርቡ ትኩሳት ከነበረብዎ ይናገሩ።

ከዚያ ሁለት ምርመራ ይጠይቁ፦ ለቢ ኤችቢኤስኤጂ (የቫይረሱን የላይ ሽፋን ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ)፣ ለሲ ደግሞ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ። ሁለተኛው ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ቫይረሱ አሁን በደም ውስጥ መኖሩ በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። ሲ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ክኒን ይድናል። ቢ ከሆነ ደግሞ እንደ ቴኖፎቪር ባለ መድኃኒት ይገታል።

የወንድምዎ ነገር ያሳስበኛል። ቢ በአብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት ይተላለፋል። ስለዚህ በሕይወት ያሉ እህት ወንድሞችዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም ይመርመሩ። ነፃ የሆኑት ይከተቡ። ክትባቱ በአገራችን የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆችዎ ሳይወስዱት አልፈው ይሆናል።

ጥርሱን ግን ይህ ሳይጣራ አያስነቅሉ፤ ለጥርስ ሐኪሙም 104,000 የሚለውን ወረቀት ያሳዩ። የቆዩ የሲቢሲ ውጤቶች በቤትዎ ካሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ይዘው ይሂዱ።