ክፍት ጥያቄና መልስ፦ ፎቶ አንሺን ሰው የሚያውቀው በምኑ ነው?

የዛሬ ተጋባዣችን በደሴ ፒያሳ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ስቱዲዮ ከፍተው የሚሠሩ እናት ናቸው። ጠባይና መታወቅ በፎቶ ሥራ ላይ ያላቸውን ድርሻ በተመለከተ ጠይቋቸው። መልሶቹ ሁሉ የእርሳቸው ናቸው።

ከሆጤ፦ እትዬ፣ እንደምን አመሹ? ሥራ ለመጀመር የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለህ ጀምር። ዛሬ ስለ ካሜራ ግዢ አልናገርም።

ከሰኞ ገበያ፦ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፎቶዬን ያየ ሁሉ ያደንቃል፤ ደውሎ ሥራ የሚሰጠኝ ግን ጥቂት ነው። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ሥራህን ስላላየሁት ስለ ፎቶህ አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሠርግ ቤት ስትገባ የሚያይህ ማን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ? ፎቶዎቹ በዚያ ቀን ገና አልታዩም። የሚታየው የአንተ አኳኋን ነው። የሚቀጥለው ደንበኛህ እዚያው ተቀምጦ እየበላ ነው፤ ምናልባት ሚዜው፣ ምናልባት የሙሽራዋ ታናሽ እህት፣ ምናልባትም በሚያዝያ ልጁን የሚድር ጎረቤት። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ በመሀል ገብተህ ለእናትየዋ ጀርባህን ከሰጠሃት፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ፍላሽ ዓይናቸው ላይ ካበራህ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ያ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው ጀርባህን ነው። ምርቃቱ የት እንደሚደረግ ቀድመህ ጠይቅና ከጎን የምትቆምበትን ቦታ ያዝ።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሠርግ ሳነሳ ከጓዳው በር አጠገብ ዱካ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ አሮጊት አየሁ። ላነሳቸው ስጠጋ «እኔን ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክዬ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው። አሳትሜ ሂሳብ ሳልጠይቅ ላክሁላቸው። የሙሽራው አያት ነበሩ። በዓመቱ ሲያርፉ ቤተሰቡ አስፍቶ ለቅሶ ቤት ያቆመው ያንን ፎቶ ነው፤ ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም። ከዚያ ቤተሰብ እስከ ዛሬ አምስት ሠርግ አንስቻለሁ። ያን ቀን ግን ስለ አምስት ሠርግ አላሰብሁም፤ ሴትየዋ ብቻቸውን መቀመጣቸው ነው ያሳዘነኝ። ለማስታወቂያ ብለህ ብታደርገው ሰው ይነቃብሃል።

ከኮምቦልቻ፦ በማኅበራዊ ገጽ ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ ብለጥፍ ሰው ያየኛል?

መልስ፦ እሱን ወጣቶቹን ጠይቅ። የእኔ ማስጠንቀቂያ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አትለጥፍ። ቃሉንም ከሙሽራው ብቻ ሳይሆን ከሙሽራዋም ተቀበል።

ከቧንቧ ውኃ፦ እትዬ፣ እኔም ሴት ነኝ። ደንበኞች «ወንድ ፎቶ አንሺ ይዘሽ ነይ» እያሉ ያስቸግሩኛል። እርስዎ እንዴት ተወጡት?

መልስ፦ እኔንም ብለውኛል፣ ልጄ። በሩ የተከፈተልኝ በኒካህ ሠርግ ነው። ሴቶቹ ባሉበት ክፍል ወንድ አይገባም፤ የሂና ምሽትም እንደዚያው ነው። ቤተሰቡ የታመነች ሴት ይፈልጋል። እዚያ ያነሳሁትን ለረዳቴ ለወንዱ ልጅ እንኳ አላሳየሁም፤ ምርጫውንም ሕትመቱንም ራሴ ጨርሼ፣ አልበሙን ለሙሽራዋ በእጇ ሰጠሁ። ወሬው ከሴት ወደ ሴት ሄደ። የእኔ ስም በደሴ የታወቀው ማንም አይቶት በማያውቅ ፎቶ ነው። ያለ ፈቃድ አትለጥፉ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብትለጥፊ የሴቶቹ በር ይዘጋብሻል፤ ሁለተኛ የሚከፍትልሽ የለም።

ከአራዳ፦ ለመታወቅ ብዬ በነጻ ልሥራ?

መልስ፦ አትሥራ። አንድ ፎቶ ስጦታ መስጠት ሌላ ነው፤ ሙሉ ሠርግ በነጻ ማንሳት ሌላ ነው። በነጻ ያገኘህ ሰው ለወንድሙ ሲነግርልህም በነጻ እንደምትሠራ ነው የሚነግረው።

አንድ አባል ከኮምቦልቻ፦ ይህን ለደሴ ልጆች ይንገሩልን። በጥር ወርደው በግማሽ ዋጋ እየሠሩ ገበያችንን አበላሹት።

አንድ አባል ከደሴ፦ 25 ኪሎ ሜትር የትራንስፖርት ከፍሎ የሚወርድ ሰው በግማሽ ዋጋ ምን ይተርፈዋል? ደንበኛው እኛን የሚጠራው በቀኑ ስለምናስረክብ ነው።

አባሉ ከኮምቦልቻ፦ ባለፈው ጥር ከደሴ የመጣ ልጅ ፎቶው በሙሉ ደብዝዞበት የሙሽራዋ አባት እኔን አልጠሩኝም? ስለ ቀን ማስረከብ አትንገረኝ።

ሌላ አባል፦ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ሥራው ለሁላችንም ይበቃል። ለምን እንጣላለን?

አባሉ ከደሴ፦ ፓርኩን ከሠርግ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ይብቃ። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ ዋጋችሁንም ለየብቻችሁ ተነጋገሩ። ስለ ደበዘዘው ፎቶ ግን ልናገር፤ እኔም ላይ ደርሷል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። ደሴ በጠዋት ብርድ ውስጥ ያደረ ሌንስ ሙቅና እርጥብ አዳራሽ ውስጥ ድንገት ከቦርሳ ሲወጣ እንደ መስተዋት ጉም ይለብሳል። በጨርቅ ብትጠርገው ይመለሳል። ቀድማችሁ ድረሱና ቦርሳውን እንደ ዘጋችሁ አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ያ ልጅ ሰዓቱን ጠብቆ ቢደርስ ኖሮ አይዋረድም ነበር።

ከመናፈሻ፦ ለሠርግ የሚሻለው ካሜራ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። መልሼአለሁ።

ከሮቢት፦ ስቱዲዮዬ የሚገባው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ነው። ትልቅ ሥራ እንዲመጣልኝ ጉርድ ፎቶ መሥራት ልተው?

መልስ፦ ተው ብዬህ እንቅልፍ አይወስደኝም! ከተማው በሙሉ በእግሩ ወደ አንተ የሚመጣበት ሥራ ሌላ የት አለ? ተማሪው ለፈተና፣ ሠራተኛው ለመታወቂያ፣ መንገደኛው ለፓስፖርት ይመጣል። ሠርግ ያላሰበ ሰው የሠርግ ስቱዲዮ በር አይረግጥም፤ ጉርድ ፎቶ ግን ሁሉንም ያስገባዋል። አብዛኞቻችሁ «ቀና በል» ብላችሁ አንድ ጊዜ ታነሳላችሁ፣ ትቆርጣላችሁ፣ ትሸኛላችሁ። ሰውዬው መታወቂያው ላይ ለዓመታት ሲያየው የሚኖረው ፊት ነውኮ! ስሙን ጠይቀው። ኮሌታውን አቅናለት፤ ላቡን የሚጠርግበት ሶፍት ስጠው። አገጩ ሥር ጥላ እንዳይወድቅ ከታች ነጭ ካርቶን አስይዘው። ሦስት ጊዜ አንሳና እሱ ይምረጥ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዲት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፎቶዋን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አንድ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰልፍ በዝቶ ተቻኩዬ ነው። አስቀምጬ፣ ውኃ ሰጥቼ እንደገና አነሳኋት። ከሰባት ዓመት በኋላ ከእጮኛዋ ጋር መጥታ «እኚህ ናቸው» አለችው። እኔ ረስቻት ነበር።

ከኩርኩር፦ ውድድርና ኤግዚቢሽን ለመታወቅ ይጠቅማሉ?

መልስ፦ ይጠቅማሉ፣ ሞክሩ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ለኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎች መድረክ ሆኗል። ሙሉጌታ አየነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት የአውሮፕላን አደጋ ቦታ ያነሳቸው ፎቶዎች በማግሥቱ ዓመት የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አግኝተዋል። የሐዘንተኞቹን ፎቶዎች ተመልከቷቸው። አፈር የሚበትን ሐዘንተኛ ፊት ካሜራ ይዞ መቆም ምን እንደሚጠይቅ ለቅሶ ቤት ያነሳ ሰው ያውቀዋል።

ከሰኞ ገበያ፦ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ደንበኛ አልበም ዘገየ ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዘግይቷል ወይስ አልዘገየም?

ከሰኞ ገበያ፦ ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። ማተሚያው ተበላሽቶ ነው።

መልስ፦ ታዲያ በተበላሸበት ቀን ለምን አልደወልህም? ሰውን የሚያናድደው መዘግየቱ ሳይሆን ዝምታህ ነው። ዛሬ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ፤ በሰው ፊት ከሰደበህ በሰው ፊት ጠይቅ። ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል?

ከሰኞ ገበያ፦ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ።

መልስ፦ አሁኑኑ ገልብጣቸው፤ ይህን ማንበብ ትተህ። ሁላችሁም ስሙኝ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ከተማውን ለቅቄ ስመለስ ስቱዲዮዬ ባዶ ነበር። ካሜራውን ተክቻለሁ። ሃርድ ዲስኮቹ ግን ሁሉም በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ዘጠኝ ቤተሰብ አልበሙን ገና አልወሰደም ነበር። በየቤቱ እየሄድሁ ነገርኋቸው፤ ቀብዳቸውንም በሁለት ዓመት ከፍዬ ጨረስሁ። አሁን ሁለት ቅጂ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ከተማ እህቴ ቤት አስቀምጣለሁ።

ከሆጤ፦ እትዬ፣ አንድ መቶ ሺህ ብር ቢኖረኝስ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ አልመልስም።

ከደሴ፣ ፎቶ አንሺ ያልሆነች፦ ይቅርታ፣ ለባለሙያዎች መሆኑን አውቃለሁ። ከዘጠኙ አንዷ ሳልሆን አልቀርም። በመስከረም 2014 ሠርጌን ያነሱልኝ እርስዎ ነዎት። ከከተማ ወጥተን ስለነበር ሲመጡ አላገኙን ይሆናል። ምናልባት የተረፈ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አንቺን ነው ስፈልግ የኖርሁት። ቤታችሁ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ተከራዮቹ የት እንደሄዳችሁ አላወቁም። ቀብድሽ ተቀምጧል። በዚያው ሰሞን ለሚዜዎች ቀድሜ ያተምኋቸው ፎቶዎች ነበሩ፤ ከየሚዜው ቤት እየለመንሁ መልሼ በካሜራ አንስቻቸዋለሁ። የማን እንደሆኑ ያልለየኋቸው ዐሥራ አራት ፎቶዎች በአንድ ፖስታ ውስጥ አሉ። ሰኞ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነይ። የሚዜዎችሽን ስምና የለበሱትን ቀለም ጽፈሽ ያዥ።