«ትንፋሼን ሳዳምጥ አየር ያጥረኛል»፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ዕለታዊ ሜዲቴሽን

ጥያቄ፦ ሜዲቴሽን ልጀምር ብዬ ትንፋሼን መከታተል ስጀምር ይረበሽብኛል። አየር ያጥረኛል፤ አንዳንዴ ያዞረኛል፣ ጣቶቼንም ይወረኛል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ዝም ብለሽ ትንፋሽሽን አዳምጪ» ነው የሚለኝ። የማይስማማው ሰው ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ፤ ችግሩም በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ትንፋሽ በራሱም ይሄዳል፣ ስንፈልግም እናዘዋለን። ልብ ስንለው ታዲያ ሳይታወቀን እናዘዋለን፤ በኃይል መሳብ፣ አብዝቶ ማስወጣት እንጀምራለን። ከሚያስፈልገው በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮችም ይጠባሉ። ማዞሩና ውርርታው ከዚህ ይመጣል። ክፋቱ፣ «አየር አጠረኝ» የሚለው ስሜት ይበልጥ እንዲስቡ ይገፋፋዎታል፤ በሳቡ ቁጥር ደግሞ ይብስብዎታል። ስለዚህ «በረጅሙ ተንፍሺ» የሚለውን ምክር ለጊዜው ይተዉት።

በምትኩ መሳቡን ለሰውነትዎ ትተው መውጣቱን ብቻ ይከታተሉ። አየሩ ወጥቶ ሲያልቅ ምንም ሳያደርጉ ይጠብቁ፤ ቀጣዩ በራሱ ይመጣል። በእያንዳንዱ ማስወጣት መጨረሻ በልብዎ አንድ ቁጥር ብቻ ይበሉ፤ እንዲህ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ እስከ 10 ይድረሱ፣ ከዚያ ወደ 1 ይመለሱ። በዜን (ከቡድሂዝም ቅርንጫፎች አንዱ) ትምህርት ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ይኸው ቆጠራ ነው። ድንገት 14 ላይ ራስዎን ካገኙት፣ የት እንደጠፋብዎ ሳይመረምሩ ከ1 ይጀምሩ። ቁጥሩ የሚያገለግለው ሐሳብዎ መሄዱን ቶሎ እንዲነቁበት ነው። ሃያ ጊዜ ጠፍተው ሃያ ጊዜ ከተመለሱ ልምምዱን በደንብ ሠርተዋል ማለት ነው።

ልብዎን የሚያሳርፉበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። አፍንጫ ጫፍ ላይ ስሜቱ ረቂቅ ስለሆነ ንቃትን ይጨምራል፤ ለሚያንቀላፋ ሰው ይስማማል። ደረት ላይ ማተኮር ለሚጨነቅ ሰው አይሆንም፤ መጥበቡ እዚያ ስለሚሰማ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። እርስዎ ከእምብርት በታች መዳፍዎን አሳርፈው የሆድዎን ከፍ ዝቅ ማለት ይከታተሉ። ቀበቶ ወይም ጠባብ ልብስ ካለ አስቀድመው ያላሉት።

ሁለት ሳምንት፣ በቀን ለ5 ደቂቃ ሞክረው ካልተሻለዎት ትንፋሽን ጨርሰው ይተዉት። ከልባችን ነው የምንለው፤ በማይሆን መንገድ ተጨንቀው ልምምዱን ከሚጠሉት መንገዱን መቀየር ይሻላል። ድምፅን ይሞክሩ። ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣውን፣ የምን ድምፅ እንደሆነ ሳይሰይሙ መስማት ነው። ድምፅ በእኛ ትእዛዝ ስለማይመጣና ስለማይሄድ፣ ሁሉን ካልተቆጣጠርኩ ለሚል አእምሮ እረፍት ይሰጠዋል። የአየር እጥረቱ ከልምምዱ ውጭም የሚመጣብዎ ከሆነ ግን ሐኪም ይዩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በእግሩ እየሄደ «ሜዲቴሽን ላይ ነኝ» ይላል። እኔ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል እደጋግማለሁ። እህቴ ደግሞ ተጋድማ ሰውነቷን ከእግር እስከ ራስ በሐሳቧ ትዳስሳለች። ትክክሉ የማናችን ነው?

መልስ፦ ሦስቱም የታወቁ መንገዶች ናቸው፤ የሚበላሹበት ቦታ ግን ይለያያል።

ባለቤትዎ ከ10 እስከ 15 እርምጃ የሚሆን ቀጥ ያለ ቦታ ይምረጡና ወዲያ ወዲህ ይመላለሱ። ተረከዝ ሲያርፍ፣ ውስጥ እግር ሲነካ፣ ጣት ሲነሳ፣ ሁሉም ልብ ይባላል። ሐሳብ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ መታጠፊያው ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመው ይዙሩ። ስልክ ኪስ ውስጥ ካለ ግን የእግር ጉዞ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የእርስዎ ቃል ምላስ ስትደጋግመው ልብ ሌላ ቦታ ሄዶ የመገኘት አደጋ አለበት። ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ትንሽ ዝምታ ይተዉ። አጭር ቃል ይምረጡና በየቀኑ አይለዋውጡት።

የእህትዎ መንገድ አሜሪካዊው የሜዲቴሽን አስተማሪ ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት፣ ጭንቀትን በሜዲቴሽን ለመቀነስ በሚሰጠው የ8 ሳምንት ሥልጠና ሰፊ ቦታ አለው። በዚያ ሥልጠና 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለቤት 15 ደቂቃም ይበቃል። ስህተቱ ሰውነትን በግድ ለማፍታታት መታገል ነው። የግራ ጉልበትዋ ላይ ምንም ካልተሰማት፣ «ምንም አይሰማኝም» ብላ አውቃ ወደ ጭኗ ትለፍ።

አንዱን ይዛችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቆዩ። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን የሚሞክር ሰው ሁሉም ሲሰለች ምን እንደሚመስል ሳያይ ይቀራል፤ ከመሰልቸት ጋር መቀመጥ ደግሞ ከልምምዱ ዋናው ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ስቀመጥ እንቅልፍ ይጥለኛል።

መልስ፦ እንቅልፍ ከጎደለዎ ይተኙ፤ የሚሻለው እሱ ነው። ጠግበው ተኝተውም ከሆነ፣ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ያዙሩት። አልጋ ላይ ወይም ምግብ እንደበሉ አይቀመጡ። አገጭዎ ወደ ደረትዎ መውረድ ሲጀምር ዓይንዎን ገልጠው አንድ ሜትር ያህል ፊት ለፊት ወለሉን ይዩ፤ ካልሆነም ቆመው ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ ዓይኔን ስጨፍን ያለፈ ክፉ ነገር ይመጣብኛል፤ ልቤ ይመታል። ታግሼ ልለፈው?

መልስ፦ አይታገሱ። ያቁሙ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፣ እግርዎ ወለሉን ሲነካ ይሰማዎት፤ ከዚያ በክፍሉ ውስጥ የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ይጥሩ። ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ጸጥታ ውስጥ ሲገባ ይህ ሊገጥመው ይችላል፤ ድክመት አይደለም። ከእንግዲህ ዓይን ተገልጦ፣ ከ3 ደቂቃ ባልበለጠ፣ ወይም እየሄዱ ይለማመዱ። ለ10 ቀን በዝምታ ወደሚቆይባቸው ማዕከላት ለአሁኑ አይሂዱ። ስሜቱ ከቀጠለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ፤ ልምምዱንም ከእሱ ጋር እየተመካከሩ ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ እግሬ ይደነዝዛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነርቭ ሲጫን ነው የሚደነዝዘው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንከር ያለ ትራስ አጥፈው የፊተኛው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ዝቅ ማለት አለበት። ጉልበትዎ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ፎጣ ይደግፉበት። ወንበርም ምንም አይጎድለውም፤ ጀርባዎን ሳያስደግፉ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ ያሳርፉ። ከደነዘዘ እግርዎን ዘርግተው ስሜቱ እስኪመለስ ሳይነሱ ይቆዩ፤ በደነዘዘ እግር ተነስተው ቁርጭምጭሚት እንዳይወለምብዎ።