ቶምካት 9 እና 10 ጎን ለጎን፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ትንሽ ጊዜ አለኝ። የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን ከሚያስኬደው ሰርቨር፣ ከቶምካት 9 ወደ 10.1 እየተሻገራችሁ፣ ሁለቱን ለጥቂት ሳምንታት አብራችሁ ልታስኬዱ ያሰባችሁ ጠይቁ። ጃቫና ሊኑክስ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ሰርቨሩ ሁለት ቢሆንም ዳታቤዙ አንድ ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ እንዳትሰለቹ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም 8080 ፖርትን ይፈልጋሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በአዲሱ ሰርቨር.ኤክስኤምኤል (የቶምካት ዋና ማስተካከያ ፋይል) ላይ 8081 አድርገው። ሰው ሁሉ 8080ን ቀይሮ 8005ን ይረሳል። እሱ የማጥፊያው ፖርት ነው። አሮጌው ከያዘው አዲሱ ተነስቶ ወዲያው ይወድቃል። ከዚያ "ምን ነካው?" ብለህ አዲሱን ለማጥፋት ስክሪፕቱን ስትጠራ የሚጠፋው አሮጌው ነው፤ ያውም ሰው ሞልቶ እየሠራ። የአንዱን 8005 ቀይረው።

ከሐዋሳ፦ አፕሊኬሽኔ በአዲሱ ላይ አይሰራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ "አይሰራም" ጥያቄ አይደለም። ሎጉ (ቶምካት የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ምን ይላል?

ከሐዋሳ፦ ክላስ አልተገኘም ይላል። ጃቫክስ ሰርቭሌት ምናምን።

መልስ፦ እንደሱ በለኛ! ኦራክል ጃቫ ኢኢን (ለሰርቨር ሥራ የሚሆኑ የጃቫ ደንቦችን) ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲያስረክብ "ጃቫክስ" የሚለውን ስም አብሮ አልለቀቀም። ስለዚህ ከጃካርታ ኢኢ (የጃቫ ኢኢ አዲስ ስም) 9 ጀምሮ ፓኬጆቹ "ጃካርታ" ተባሉ። ቶምካት 10 የሚያውቀው አዲሱን ስም ብቻ ነው። ለጊዜው ዋር ፋይሉን (የታሸገውን አፕሊኬሽን) "ዌብአፕስ-ጃቫኢኢ" በሚባለው ፎልደር ውስጥ ጣለው፤ ቶምካት ራሱ ቀይሮ ያነሳዋል። ኮዱን ራስህ ልታስተካክል ከሆነ ግን ጃቫክስን በሙሉ በአንዴ እንዳትተካ። ጃቫክስ ኤስኪውኤል እና ጃቫክስ ኔሚንግ የጃቫ የራሱ ናቸው፣ ስማቸው አልተቀየረም። በስፕሪንግ (የጃቫ ፍሬምወርክ) የምትሠሩ ደግሞ፦ ስፕሪንግ ቡት 3 ጃቫ 17 ይፈልጋል። ቶምካት 10.1 ራሱ ከጃቫ 11 በታች አይቀበልም። አሮጌው በጃቫ 8 ይቆይ ካላችሁ የየራሳቸውን የጃቫ መንገድ በየራሳቸው የሴትኢንቭ ፋይል (ቶምካት ሲነሳ የሚያነበው) ጻፉ።

ከቨርጂኒያ፦ ሰላም ጋሼ። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ናቸው፣ በ8080 እና በ8081። ለማወዳደር በአንድ ብራውዘር ሁለት ታብ እከፍታለሁ። አንዱ ላይ ስገባ ሌላው ያስወጣኛል። አብጄ ልሞት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። ስንጠብቀው የነበረው ጥያቄ መጣ። ኩኪ (ብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጥ መለያ) ፖርት አያውቅም! ብራውዘሩ ኩኪ ሲያስቀምጥ የሚያየው የአስተናጋጁን ስም፣ መንገዱን እና የኩኪውን ስም ነው። 8080 ይሁን 8081 ግድ የለውም። ሁለቱም ቶምካቶች "ጄሴሽንአይዲ" የሚል ኩኪ ይሰጣሉ፣ አፕሊኬሽኑም በአንድ መንገድ ላይ ነው። አዲሱ የሰጠው የአሮጌውን ደምስሶ ይቀመጣል። አሮጌው የማያውቀው ቁጥር ሲመጣበት "ማነህ?" ብሎ ያስወጣሻል። እኔ በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ የሎግኢን ኮድ ስበረብር ከርሜያለሁ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም።

መፍትሔው፦ ለሁለቱ የተለያየ የአስተናጋጅ ስም ስጪ፣ ወይም በአዲሱ ኮንቴክስት (የአፕሊኬሽኑ ማስተካከያ) ላይ የሴሽን (የገባው ሰው ቆይታ) ኩኪውን ስም ቀይሪ። ግን ልብ በይ። ፊት ለፊት ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለሁለቱ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል) ካለ ስሙን አትንኪ። ያኔ ሁለቱም አንድ ስም ይዘው ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ጄቪኤምሩት (የሰርቨሩ መለያ) ነው የሚሰጠው። ከሴሽን ቁጥሩ ጫፍ ላይ ".ት9" ወይም ".ት10" ዓይነት ምልክት ይለጠፋል፤ ባላንሰሩ እሱን አይቶ ሰውየውን ወደጀመረበት ይመልሰዋል።

ከጅማ፦ ባላንሰሬ ኤንጂንኤክስ ነው፤ እሱ ላይ አይፒ-ሃሽ (ሰውን በአይፒ አድራሻው መመደብ) ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለአይፒቪ4 የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ብቻ ነው። ቢሮው በሙሉ በአንድ አይፒ ከወጣ ሁሉም አንዱ ሰርቨር ላይ ይከመራል።

ከዱባይ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ዶከር (እያንዳንዱን ለይቶ በየሳጥኑ ማስኬጃ) አድርጉትና ተገላገሉ።

ከመቀሌ፦ አንተ ዱባይ ሆነህ ነው እንዲህ የምትለው። እዚህ ኢሜጅ እስኪወርድ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይጠጣል።

ከዱባይ፦ አንዴ ማውረድ ነው እኮ! ከዚያ በፍላሽ ይዞራል።

ከመቀሌ፦ ፍላሽ? ቫይረሱን ማን ያጽዳ?

መልስ፦ በኋላ ተጨቃጨቁ። ዶከር ፖርቱን ይለይላችኋል። ዳታቤዙን አይለይላችሁም። ዳታቤዙ አንድ ነው።

ከጎንደር፦ ታዲያ ዳታቤዙ ላይ የአንድ ኮለም ስም መቀየር ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ አትቀይር! አሮጌው በአሮጌው ስም እየፈለገው ነው። አዲሱን ኮለም ጨምር፤ ባዶ መሆን የሚችል ይሁን። አሮጌው እስኪዘጋ ሁለቱም ይሞሉ። መሰረዝ የመጨረሻው ሥራ ነው። ኮኔክሽኑንም ቁጠሩ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ካልነካችሁት 100 ብቻ ይፈቅዳል፣ የቶምካት ጄዲቢሲ ፑል (ኮኔክሽን ከፍቶ የሚይዘው) ደግሞ ለብቻው እስከ 100 ይጠይቃል። ሁለት ሰርቨር ሲሆን አስሉት።

ከአዲስ አበባ፦ በየሌሊቱ ለደንበኛ ኤስኤምኤስ የሚልክ ሥራ አለን። እሱስ?

መልስ፦ ሁለቱም ላይ ካለ ሁለቴ ይላካል። በአንድ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ደርሶብኛል። ጠዋት ስልኩ አላስቀምጥ አለን፤ "ሁለቴ ተቆረጠብኝ" የሚል ሰው ብቻ። የተቆረጠው አንዴ ነበር፣ መልእክቱ ነው ሁለት። ግን ያንን ለማን ታስረዳለህ? አንዱ ላይ አጥፉት። በኳርትዝ (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ የጃቫ ላይብረሪ) የሚሄድ ከሆነ በዳታቤዝ የሚቀናጅ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) አለው፤ እኔ ግን በሽግግር ጊዜ ማጥፋቱን እመርጣለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ 9 እና 10ን በአንድ ክላስተር አድርጌ ሴሽን ላጋራ?

መልስ፦ አይሆንም። ቀጥሎ።

ከአዳማ ሌላ ሰው፦ 8080 ተይዟል ይለኛል...

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ፣ ወንድሜ።

ከቨርጂኒያ፦ ኩኪው ተፈታ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አሮጌውን መቼ ልዝጋው?

መልስ፦ የአክሰስ ሎጉን (ማን እንደመጣ የሚመዘግበውን) እዪ። ሳምንት ሙሉ ማንም ካልመጣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን አይበቃም። በወር አንዴ ብቻ የሚመጣ አለ፣ ደመወዝ የሚሠራው። እዚህ አገር ያላችሁ ደግሞ የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ከቀረበ እስኪያልፍ አትንኩት። ስትዘጊው ማቆም ብቻ እንዳይሆን፤ ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ላይ ዲሴብል አድርጊው። እኛ አቁመነው ብቻ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ተነሳ፣ አሮጌውም አብሮ ተነሳ። ያንን የሌሊት ኤስኤምኤስም ላከ።